የእድሩ መኪና

የአንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ካምቢዮ ይታደስ ወይስ መኪናይቱ ትሸጥ በሚል ጥያቄ 84 ቤተ ሰብ ያለበት እድር ከኅዳር እስከ የካቲት 2016 ዓ.ም. ድረስ ሲከራከር ከረመ ብንል፥ አንባቢው «ምነው፥ ሌላ ሥራ የላቸውምን?» ሳይለን አይቀርም። ነገሩ የሌላ ሰው ቢሆን እኛም እንደዚሁ እንል ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ክርክር ውስጥ ከተናገርነው ይልቅ ሳንናገር የቆየነው የሚበልጥ ስለ ነበረ፥ ዛሬ ጊዜው ካለፈ በኋላ ታሪኩን ከነምክንያቱ መጻፍ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

እኛ ሁለት ወንድማማቾች ነን። የምንኖረው በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ግዛት፥ ከዋሽንግተን ከተማ በፖቶማክ ወንዝ በምትለየው በአሌክሳንድሪያ ነው። በዚህ አካባቢ የሰፈረው ኢትዮጵያዊ ቍጥሩ ብዙ ነውና፥ የአገር ቤቱ ሥርዓት ባሕር ተሻግሮ ተከትሎታል፤ ማኅበሩም፥ ዕቁቡም፥ እድሩም። ልዩነቱ መርዶው በጥሩምባ ፋንታ በስልክ መነገሩና፥ በሰፈር መንገድ ላይ ድንኳን መትከል እንደ አገር ቤት ቀላል ስላልሆነ ለቀስተኛው በአዳራሽ ወይም በሟቹ ቤት መቀመጡ ነው። የቀረው ያው ነው፤ ወንበሩ፥ ድስቱ፥ የሻይ ማፍያው፥ ንፍሮው።

በእድሩ ውስጥ የተሰጠን ሥራ የዕቃ ያዥነት ነው። 160 ተጣጣፊ ወንበሮች፥ 20 ጠረጴዛዎች፥ አምስት ትልልቅ ድስቶችና ሦስት የሻይ ማፍያዎች በእጃችን ይገኛሉ። ይህንን ሁሉ ከዕቃ ቤት ወደ ኀዘን ቤት፥ ከኀዘን ቤትም ወደ ዕቃ ቤት የምታመላልሰው መኪናይቱ ስትሆን፥ ሾፌሮቿም እኛው ነን።

መኪናይቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 የተሠራች አሜሪካን ሠራሽ ፒክአፕ ናት። የማንኛው ፋብሪካ ሥራ እንደ ሆነች መናገር ለነገራችን አይጠቅምም። ከእድሩ መሥራቾች አንዱ የነበሩ ሰው በ2011 ዓ.ም. ሲያርፉ፥ ባለቤታቸው ቁልፉን በእድሩ ዳኛ እጅ አስረከቡ። ከዚያ ወዲህ መኪናይቱ የእድሩ ንብረት ብትሆንም፥ ሰው ሁሉ የሚጠራት በሟቹ ስም ነው። ቀለሟ ለቋል፤ የግራ በሯ ከውስጥ ካልሆነ አይከፈትም፤ የሄደችበት ርቀት 187 ሺሕ ማይል፥ ማለት 300 ሺሕ ኪሎ ሜትር ያህል ደርሷል። ሞተሯ ግን እንዲያው ለምስክርነት ያህል እንናገርና፥ በክረምት ብርድ እንኳ በአንድ ቁልፍ ይነሣል።

በኅዳር ወር በአንድ ቅዳሜ ማታ መርዶ መጣና 120 ወንበር ጭነን ተነሣን። ከሰፈራችን ወጥተን ወደ ዋናው መንገድ ስንገባ ካምቢዮው አንደኛውንና ሁለተኛውን ማርሽ እንደ ወትሮው ለወጠ። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ሊሻገር ሲል ግን ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናይቱ ደግሞ ሰው የለቀቃት ይመስል ወደ ኋላ ቀረች። ቤንዚኑን ብንረግጥ ጩኸቱ ባሰ እንጂ ፍጥነቱ አልጨመረም። በሁለተኛ ማርሽ፥ የኋላችን መኪና ሁሉ ጥሩምባውን እየነፋብን፥ በእግረኛ ፍጥነት ኀዘን ቤት ደረስን። በዚያ ሌሊት ስንመለስ ሁለታችንም አንድ ነገር እያሰብን ሳለን አንዳችንም ቃል አልተናገርንም።

እዚህ ላይ ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ጥቂት ብንናገር ኋላ የሚመጣውን ለመረዳት ይጠቅማል፤ ነገሩም በራሱ ደስ የሚያሰኝ ነው። ካምቢዮ ለምን አስፈለገ ቢሉ፥ ሞተር በዝግታ ሲዞር ጕልበት ስለሚያንሰው ነው። ከቆመበት ለመነሣትና ዳገት ለመውጣት ሞተሩ ብዙ ጊዜ ሲዞር ጎማው ጥቂት መዞር አለበት፤ በሜዳ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አገር ቤት በኤንትሬ የተሳፈረ ሰው ሾፌሩ ፍሪሲዮን እየረገጠ፥ ማርሹን እየጎተተ፥ ከዳገቱ ጋር ሲታገል አይቷል። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ግን የሾፌሩን እግርና እጅ የሚተካው ዘይት ነው።

መኪናይቱ ከቆመችበት ስትነሣ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ብረትን ከብረት የሚያያይዝ ነገር የለም። ሁለት ማራገቢያዎች ፊት ለፊት አስቀምጠን አንደኛውን ብናዞር ነፋሱ ሁለተኛውንም እንደሚያዞረው ሁሉ፥ ቶርክ ኮንቨርተር በሚባለው ክብ ዕቃ ውስጥ አንዱ መዘውር ዘይቱን ይገፋዋል፥ ዘይቱም ሌላውን መዘውር ይገፋዋል። ይህንን ያሰበው ሄርማን ፎቲንገር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ሲሆን፥ የፈጠራውን መብት በ1905 ሲያስመዘግብ በልቡ የነበረው መርከብ እንጂ አውቶሞቢል አልነበረም። ወደ አውቶሞቢል የገባው ቆይቶ ነው። ለ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ ተገጥሞ ለገበያ የቀረበው ሃይድራማቲክ፥ በብዛት ተሠርቶ የተሸጠ የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በአሜሪካ ቀላል ታንኮች ላይ አገልግሏል። ወታደር በጥይት ውስጥ ሆኖ ማርሽ ከመለወጥ መዳኑ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዘይቱም የራሱ ታሪክ አለው። እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ዲስኮቹ በልዝብታ እንዲያያዙ ሲባል በአሜሪካ የካምቢዮ ዘይት ውስጥ የዓሣ ነባሪ ዘይት ይጨመርበት ነበር። እንስሳው ከምድር እንዳይጠፋ ሕግ ሲወጣለት ኬሚስቶች ሌላ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። በከተማ መንገድ ላይ ያለ አንድ ሾፌር ከእግሩ በታች የባሕር አውሬ ስብ ይዞ ሲሄድ እንደ ኖረ ስናነብ ብዙ ተደነቅን።

ከቶርክ ኮንቨርተሩ በስተኋላ ማርሾቹ አሉ። በመካከል ፀሐይ የምትባል ባለ ጥርስ፥ በዙሪያዋ ፕላኔት የሚባሉ ትንንሾች፥ በውጭ ደግሞ ሁሉን የሚከብ ቀለበት ይገኛሉ። ከሦስቱ አንዱ ተይዞ ሲቆም ወይም ሁለቱ አብረው ሲታሰሩ ፍጥነቱ ይለወጣል። የሚይዟቸውም በዘይት ግፊት የሚጨመቁ ስስ የፍሪሲዮን ዲስኮች ናቸው። ዲስኩ ብረት ቢሆንም ላዩ የተሸፈነበት ነገር ከወረቀት የሚሠራ ነው። እንግዲህ መኪናን ከነጭነቱ ዳገት የሚያወጣው፥ ሲመረመር፥ በዘይት የራሰ ወረቀት ነው ማለት ነው። ወረቀቱ በትክክል ተጨምቆ ከያዘ ለብዙ ዓመት አያልቅም። ከተንሸራተተ ግን ይሞቃል፤ ሲሞቅ ዘይቱ ይበላሻል፤ ዘይቱ ሲበላሽ ይብስ ይንሸራተታል። በእኛ መኪና ደግሞ ሦስተኛውንና አራተኛውን ማርሽ የሚይዘው አንድ የዲስክ ክምር ነው።

ወደ ነገራችን እንመለስ። በአካባቢያችን በአዲስ አበባ ጋራዦች በኤንትሬ ላይ አድጎ፥ እዚህ ከመጣ በኋላ አውቶማቲክ ካምቢዮ መፍታትና መግጠም የተማረ አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። «ጋሼ» እንላቸዋለን። መኪናይቱን ጎትተን ወሰድንላቸው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዙና በነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አደረጉት። አዲስ የካምቢዮ ዘይት ቀይ ነው፤ የእኛ ግን የቡና አተላ መስሎ ነበር። አሽትተው ወደ እኛ ዘረጉት፤ እንደ ነደደ ጨርቅ ይሸታል። ከዚያ በኋላ በክሪክ አነሡና ከሥሩ ያለውን የዘይት መያዣ ሳህን ፈትተው አወረዱት። በሳህኑ ውስጥ ባለው ማግኔት ላይ ቀጭን ግራጫ ጭቃ ተለጥፏል። «ይህ ደኅና ነው፤ በዚህ ዕድሜ የማይኖርበት የለም» አሉ። በሳህኑ ወለል ላይ ግን ጥላሸት የመሰለ ጥቍር ቅርፊት ተከምሮ ነበር። በጣታቸው መካከል ፈተጉት።

«ጥርሶቹ ደኅና ናቸው። የብረት ስባሪ የለም፥ የነሐስ ቅንጣትም የለም። እርጅና ሁሉን እኩል ነው የሚበላው፤ ይህ ግን አንድ ቦታ ነው የነደደው። ልጆች፥ ከባድ ነገር ጎትታችሁባታል?»

«ወንበር ነው የምትጭነው፥ ጋሼ» አልናቸው።

መልሳችን ሐሰት አልነበረም። የተጠየቅነው ግን ስለ መጫን ሳይሆን ስለ መጎተት ነበር። እርሳቸውም ጥቂት ተመልክተውን እጃቸውን በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ። ከሁለታችን ታናሹ «ዘይቱን ብቻ ብንለውጠውስ?» ቢላቸው «አዲስ ዘይት የነደደ ወረቀት አይመልስም። ብትፈልጉ ለውጡት፤ ነገ ተመልሳችሁ ዘይቱ ገደላት ትሉኛላችሁ» አሉት። ይህ አባባል በመካኒኮች ዘንድ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው መኪናው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ዘይት ያስለውጥና፥ ካምቢዮው በሳምንቱ ሲሞት ጥፋቱን ሁሉ በአዲሱ ዘይት ላይ ይጥላል።

የመጀመሪያው ስብሰባ በታኅሣሥ ተደረገ። ገንዘብ ያዣችን የሒሳብ ሰው ናቸውና ነገሩን በቍጥር አቀረቡት። ካምቢዮውን ማደስ፥ አዲስ ቶርክ ኮንቨርተርና ሌላውም ተጨምሮ፥ 3,000 ዶላር ይፈጃል። ከመኪና መቃብር አሮጌ ካምቢዮ አምጥቶ መግጠም 1,300 ዶላር ይበቃዋል፤ ዋስትናው ግን 90 ቀን ብቻ ሲሆን፥ የዚያኛውም ወረቀት ምን ያህል እንደ ቀረ ማንም አያውቅም። እንዳለች ትሸጥ ቢባል 900 ዶላር ታወጣለች። ሌላ መኪና ይገዛ እንዳይባል ከወረርሽኙ ዘመን ወዲህ የአሮጌ መኪና ዋጋ ወደ ላይ ወጥቷል፤ እኛ ባየነው ገበያ ከ9,000 ዶላር በታች የሚታመን አልነበረም።

«አራተኛ መንገድ አለ» አሉ ገንዘብ ያዡ፤ «መከራየት። ባለፈው ዓመት 11 ጊዜ ወጥታለች። በአንድ ጊዜ 120 ዶላር ብንከፍል 1,320 ዶላር ይሆናል። መኪናይቱን ለማቆየት ግን ኢንሹራንሱ፥ ታርጋውና የዓመቱ ምርመራ ብቻ 1,050 ዶላር ይወስዳሉ። እድሳቱ አምስት ዓመት ካገለገለ በየዓመቱ 600 ዶላር ይታሰብበታል፤ ድምሩ 1,650 ነው። መሸጥ በዓመት 330 ዶላር ያተርፈናል።»

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባል ተነሡና «አሥር ዓመት ብታገለግልስ?» አሉ።

ገንዘብ ያዡ እርሳሳቸውን አነሡ። ለአሥር ዓመት ሲካፈል 300 ይደርሳል፤ ከ1,050 ጋር 1,350 ነው። ከኪራዩ ጋር እኩል ለእኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም። «እንግዲያውስ ነገሩ ሁሉ ስንት ዓመት ታገለግላለች በሚለው ላይ ነው» አሉ፤ «ይህንን ደግሞ የሚያውቅ የለም። ካምቢዮው በእርጅና ከሞተ፥ ቀጥሎ ሞተሩ ነው፤ ከሞተሩም ቀጥሎ ዲፍሬንሻሉ። የሞተ ሰው አንድ ክንዱን አናክምም።» ሰው ሣቀ። ወንድማማቾቹ ግን አልሣቅንም።

ስለምን እንዳልሣቅን አሁን እንናገራለን።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ቅርብ ዘመዳችን ከአሌክሳንድሪያ ወደ ኦሃዮ፥ ወደ ኮሎምበስ ከተማ ቤቱን ሊያዛውር ሆነ። መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የማጓጓዣ ድርጅት የጠየቀው ዋጋ ከበደው። እኛም የእድሩን መኪና ቁልፍ በኪሳችን እንደ ያዝን፥ ተሳቢ ተከራይተን፥ ማቀዝቀዣውን፥ አልጋውን፥ ልብስ ማጠቢያውንና የሦስት ልጆች ዕቃ ሁሉ ጭነን ተነሣን። ለዳኛው አልነገርንም። «እሑድ ማታ እንመለሳለን፤ እስከዚያ ማን ይሞታል?» ተባባልን። ይህን ቃል ስንጽፈው እንኳ ያሳፍረናል።

ከሜሪላንድ ወደ ምዕራብ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሳይድሊንግ ሂል ከሚባለው ተራራ ዘንድ ይደርሳል። ተራራው ከመካከሉ ተቆርጦ መንገዱ በቁርጡ ውስጥ ያልፋል፤ ወደ ቁርጡ የሚያደርሰው ግን ረጅም ዳገት ነው። ቀኑ ይሞቃል፤ ተሳቢው ከባድ ነው፤ እኛም የማርሹን ዘንግ ኦቨርድራይቭ በሚባለው በአራተኛው ማርሽ ላይ ትተነዋል። በዚህ ማርሽ ሞተሩ 70 ጊዜ ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ 100 ጊዜ ይዞራል፤ ለሜዳና ለባዶ መኪና የታሰበ ነው። በዳገቱ ላይ ካምቢዮው ወደ ሦስተኛ ይወርዳል፤ ጥቂት ፍጥነት ሲያገኝ ወደ አራተኛ ይወጣል፤ ሲከብደው እንደ ገና ይወርዳል። በዚያ ዳገት ላይ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሰ አልቈጠርንም። ያ አንድ የዲስክ ክምር በዚያ ሁሉ ጭነት ሲፋተግ ነበር። ዘንጉን አንድ ነጥብ ወደ ሦስተኛ ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃ ነበር፤ የሚያስፈልገው የሁለት ጣት ሥራ ነው። ከዳገቱ ራስ ስንደርስ የነደደ ጨርቅ ሽታ መጣ። ታናሹ «ይሸታል» አለ። ታላቁ «የሌላ መኪና ፍሬን ይሆናል» ብሎ መለሰ። መስኮቱን ከፍተን ሄድን።

ጋሼ መካኒኩ የነደደውን ዘይት ወደ አፍንጫችን ሲዘረጉልን ያንኑ ሽታ ነው የሸተትነው።

በጥር ወር ሌላ መርዶ መጣ። መኪናይቱ በጋሼ ጋራዥ በክሪክ ላይ ቆማለች፤ ሌሊቱ ገፍቷልና የሚከራይም አልተገኘም። አባላቱ በየቤታቸው መኪና ወንበር ይጫኑ ተባለ። 26 መኪና መጣ፤ እያንዳንዱ አምስትም አራትም ወንበር ይዞ ተበተነ። ገንዘብ ያዡ «አያችሁ፥ ያለሷም ይሆናል» አሉ፤ እውነትም ሆነ። ይሁንና ትልቁ ድስት በየትኛውም ሳሎን መኪና አልገባ አለና እስከ ጧት ቀረ። አሥራ አንድ ወንበር ደግሞ በስሕተት ሌላ ሰፈር ወርዶ፥ ሁለት ሳምንት በማያውቁን ሰዎች በረንዳ ላይ ከረመ። ወንበሩን የቈጠርን፥ የጠፋውንም የፈለግን እኛ ነበርንና ይህንን በደንብ እናውቃለን።

ክርክሩ በዚህ መካከል ሌላ መልክ ያዘ። ይታደስ ከሚሉት ብዙዎቹ ስለ ካምቢዮው ሳይሆን ስለ ሟቹ ይናገሩ ጀመር፤ «ባለቤታቸው በሕይወት እያሉ መኪናቸውን እንዴት እንሸጣለን?» የሚለው ቃል በስብሰባው ሁሉ ይደጋገም ነበር። መሸጥ ይሻላል የሚሉትም ልባቸውን ፈርተው ዝም አሉ። ባለቤታቸውን ግን የጠየቀ ማንም አልነበረም።

በየካቲት መጀመሪያ እርሳቸው ራሳቸው አስጠሩን። እትዬ ቡና አፍልተው ቈዩን። ሁለተኛውን ስኒ ካነሣን በኋላ «እናንተ ልጆች፥ ስለ እኔ ብላችሁ ነው አሉ የምትከራከሩት» አሉን። «እውነቱን ልንገራችሁ፤ እሱ ያቺን መኪና አይወዳትም ነበር። ሊሸጣት ማስታወቂያ አውጥቶ ገዢ ጠፋ። ለሥራ የምትሆን ከሆነች አድሷት፤ ለእኔ ተብሎ ከሆነ ግን የማንም እናት ከጡረታዋ ቀንሳ እንድታዋጣ አልፈልግም።»

ይህንን ሰምተን ከደረታችን ላይ ድንጋይ እንደ ወረደ ሆነን ሳለን፥ በኀዘን ቤት ሰው እንደሚጠየቀው ባለ ድምፅ፥ «ለመሆኑ ምን አግኝቷት ሞተች?» አሉ።

ነገርናቸው። ኮሎምበስን፥ ተሳቢውን፥ ዳገቱን፥ ሽታውን፥ መስኮቱን። እትዬ ሦስተኛውን እስኪቀዱ ድረስ አልተናገሩም። ኋላ «ይህንን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ?» አሉን። የለም አልን። «እንግዲያው ለእኔ ነግራችሁ ምን ይጠቅማል? ሰዎቹ የሚቈጥሩት በሌላቸው ቍጥር ነው።»

በየካቲት ማለቂያ በተደረገው ስብሰባ ላይ ተነሥተን ተናገርን። ከሁለታችን የተናገረው ታላቁ ነው፤ ታናሹ አጠገቡ ቆሞ ነበር። እንደ ፈራነው ጩኸት አልሆነም። ከጩኸት ይልቅ የከበደን የአንዲት ባልቴት አባል ነገር ነው፤ በነሐሴ ያን እሑድ ታምመው ሆስፒታል እንደ ነበሩ አስታውሰው «እኔ ብሞት ኖሮ በምን ልታመጡልኝ ነበር?» አሉ። መልስ አልነበረንም።

ዳኛው፥ ቀድሞ አስተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው፥ ፊታቸውን ወደ ጋሼ መካኒኩ መለሱ። ጋሼን ለምስክርነት አስጠርተዋቸው ነበር።

«እነዚህ ልጆች እንዳሉት በአንድ ዳገት ነዶ ከሆነ፥ የቀረው መኪና እንዴት ነው?»

«እኔም የጠረጠርሁት ይህንኑ ነበር» አሉ ጋሼ፤ «በሰው ፊት ግን የማላውቀውን አልናገርም። ሻንሲውን ከሥር በመዶሻ መትቼ አይቼዋለሁ፤ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ላዩን ዝጎታል እንጂ አልበሳውም። የሞተሩ ግፊት በስምንቱም ሲሊንደር ተቀራራቢ ነው። ዲፍሬንሻሉ ድምፅ የለውም። ወረቀቱ ይለወጣል፥ ጎማ ነክ ማሸጊያው ሁሉ ይለወጣል፥ ኮንቨርተሩም ይለወጣል። የነደደው ቅርፊት በኮንቨርተሩ ውስጥና ዘይቱ በሚቀዘቅዝበት ቱቦ ውስጥ ተደብቆ ይቀራልና፥ እነዚህ ካልተለወጡ አዲሱን ካምቢዮ በወር ውስጥ ይገድለዋል። ብዙ ሰው በዚህ ገንዘብ ይቈጥብና ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ከዚህ ሌላ ከራዲያተሩ ፊት አንድ ማቀዝቀዣ፥ ከመሪውም አጠገብ አንድ የሙቀት መለኪያ እጨምርላችኋለሁ። ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ድረስ ስትሠራ አትፍሩ። ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል ብለን ነው የምንገምት።»

ገንዘብ ያዡ እርሳሳቸውን እንደ ገና አነሡ። «በእርጅና ካልሞተች አሥር ዓመት ማሰብ ይቻላል» አሉ። ቍጥሩ እኩል ለእኩል በሆነበት ጊዜ ሚዛኑን የደፋው በበረንዳ ላይ የከረመው አሥራ አንድ ወንበርና ያ ድስት ይመስለናል። እጅ ሲቈጠር 51 ይታደስ፥ 19 ይሸጥ አለ።

እኛ ወጪውን በሙሉ እንክፈል ብለን ለመንን። ዳኛው አልተቀበሉም። «ሦስቱን ሺሕ እናንተ ከከፈላችሁ መኪናይቱ የእናንተ ትሆናለች፤ ያኔ ወደ ኮሎምበስ ለመሄድ ማንን ትጠይቃላችሁ?» አሉ። መቀጮው 1,000 ዶላር ሆነ። ለቀረው 2,000 እያንዳንዱ ቤት 24 ዶላር ያህል ደረሰበት። ቁልፉ ከእኛ ተወስዶ በጸሐፊው ዘንድ እንዲቀመጥ ተወሰነ፤ ዛሬም እዚያው ነው። ተሳቢ ፈጽሞ እንዳይቀጠልባት፥ ጭነት ካለ ዘንጉ ከሦስተኛ እንዳያልፍ፥ ዘይቱ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ እንዲለወጥ በቃለ ጉባኤ ተጻፈ። የማርሽ ነገር በእድር ቃለ ጉባኤ ሲጻፍ ያየነው ያኔ ብቻ ነው። ዘመዳችን ነገሩን በስልክ ሰምቶ ከመቀጮው ግማሹን ላከ፤ ተመልሶለት ነበር፥ እንደ ገና ላከው።

ጋሼ ሥራውን በሦስት ሳምንት ጨረሱ። የነደዱትን ዲስኮች በካርቶን አድርገው ሰጡን። ወረቀቱ ከአንዳንዶቹ ላይ ጨርሶ ጠፍቶ ብረቱ ሰማያዊ ሆኗል፤ ማርሾቹ ግን ከዘይት ሲታጠቡ እንደ አዲስ ያበራሉ።

በመጋቢት መጨረሻ በአንድ ሐሙስ ማታ መርዶ መጣ። ቁልፉን ከጸሐፊው ቤት ፈርመን ተቀበልንና 140 ወንበር ጫንን። በዋናው መንገድ መግቢያ፥ ባለፈው በቀረንበት ቦታ ላይ፥ ሁለታችንም እስትንፋሳችንን ይዘን ሳለን ካምቢዮው ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ተሻገረ፤ መሻገሩም የታወቀን ከሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው። ዳገቱ ላይ የታላቁ እጅ በዘንጉ ላይ ነበር፤ የታናሹ ዐይን በመለኪያው ላይ። መርፌው 82 ላይ ቆሞ አልነቃነቅም አለ።

ኀዘን ቤት ስንደርስ እትዬ ከለቀስተኞቹ መካከል ነበሩ። ወንበር ስናወርድ ወደ በሩ ወጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሞቀች?» አሉን።

«አልሞቀችም፥ እትዬ።»

አንድ ወንበር ዘርግተን አቀረብንላቸውና ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ።